የላስታ ውሃ ቶሎ ይፈላል

ኮኩ ተልጦ፣ ዘሩ ወጥቶ፣ ተቆራርጦ፣ ከስኳርና ከሁለት ሎሚ ጭማቂ ጋር ከሰል ላይ ከተጣደ አንድ ሰዓት ሊሞላው ነበር። አክስቴ ዱካ ላይ ተቀምጣ በማማሰያ ታማስላለች። እኔ ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁትን ቴርሞሜትር ድስቱ ውስጥ ነክሬ ቁጥሩን እጠብቃለሁ። የማርማላታ አሠራር የሚያስተምረው መጽሐፌ «105 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱ» ይላል። ቁጥሩ 96 ላይ ሲደርስ ዳገት እንደያዘ አህያ መንቀርፈፍ ጀመረ።

«አሁንስ አልበቃውም?» አለች አክስቴ።

«ገና ነው። ዘጠኝ ዲግሪ ይቀረዋል።»

«ልጄ፣ እይው እንጂ። ማማሰያው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ጠብ አይልም። ይኸ በስሏል።»

አልሰማኋትም። ያመንኩት መጽሐፉን ነበር። ከሰል ጨመርኩ፣ አራገብኩ፤ ቁጥሩ እንደ ምንም 105 ሲነካ ወርቅ መስሎ የነበረው ኮክ ጠቁሮ፣ ሽታውም የተቃጠለ ስኳር ሆኖ ነበር። በጠርሙስ ሞልተነው አደረ። ጠዋት ማንኪያ አልገባበትም፤ ቢላም አልገባበትም። አራት ኪሎ ኮክና ሦስት ኪሎ ስኳር ከረሜላ ሆኖ ቀረ።

አክስቴ አልተቆጣችም። ጠርሙሱን አገላብጣ አየችውና፣ ዕድሜዋን ሙሉ ላሊበላ ላይ ባቄላና ሽምብራ ስትቀቅል የምታውቀውን ነገር ነገረችኝ፦ «የኛ ውሃ ቶሎ ይፈላል እንጂ ቶሎ አያበስልም።»

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በኮክ ሰሞን ወደ እሷ ማጀት ተመልሻለሁ።

*

ላሊበላ በላስታ ምድር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር በላያችን ያለው አየር እየሳሳ፣ ክብደቱም እየቀነሰ ይሄዳል። ውሃ ፈላ የሚባለው እንፋሎቱ ይህን የአየር ክብደት ገፍቶ መውጣት ሲችል ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውሃ ላሊበላ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ከከተማዋ በላይ እስከ 4,260 ሜትር የሚዘልቀው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ ላይ የሚጥድ ሰው ቢኖር ውሃው 86 ዲግሪ ገደማ ላይ ይንፈቀፈቅለት ነበር። አንዴ ከፈላ በኋላ ደግሞ የቱንም ያህል እሳት ቢነድበት ሙቀቱ አይጨምርም፤ እሳቱ የሚሠራው ውሃውን ወደ እንፋሎት መለወጥ ብቻ ነው። ሽምብራው ላስታ ላይ አልበስልም የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚቀቀለው ከሌላው አገር በቀዘቀዘ ፍል ውሃ ነው።

ማርማላታም በዚሁ ሕግ ይገዛል። ስኳር የሟሟበት ውሃ ከንጹሕ ውሃ ከፍ ባለ ሙቀት ይፈላል። እየፈላ ውሃው በተነነ ቁጥር ስኳሩ እየበዛ፣ ሙቀቱም እየወጣ ይሄዳል። ማርማላታው የሚረጋው የአካባቢው ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት በላይ አራት ወይም አምስት ዲግሪ ሲደርስ ነው። በባሕር ዳርቻ 104 ወይም 105 ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን 96 ወይም 97 ነው። አክስቴ «በስሏል» ስትል ማርማላታው በእርግጥም በስሎ ነበር። የእኔ 105 ደግሞ በላሊበላ ሰማይ ሥር ከረሜላ የሚሠራበት ሙቀት ነው። መጽሐፉ አልዋሸም፤ ጸሐፊው ከባሕር አጠገብ ስለ ነበረ የጻፈው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው።

ዛሬ የምንሠራው እንዲህ ነው። ቴርሞሜትር ካለ መጀመሪያ ባዶ ውሃ አፍልተን ቁጥሩን እናያለን፤ ከዚያ ቁጥር በላይ አራት ተኩል ስንደርስ እናወርዳለን። ከሌለ ደግሞ አክስቴ የምትመርጠው ዘዴ አለ። የሸክላ ሳህን ውጭ የድንጋይ ካቡ ላይ ታስቀምጣለች፤ የላስታ ንፋስ እንደ ማቀዝቀዣ ያበርደዋል። ከድስቱ አንድ ጠብታ ሳህኑ ላይ ጣል ታደርግና ጥቂት ቆይታ በጣቷ ትገፋዋለች። ፊቱ ከተጨማደደ ደርሷል ማለት ነው፤ ውሃ ሆኖ ከፈሰሰ ገና ነው።

*

ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው። በኮክ ሰሞን ሴቶቹ ፍሬውን በቅርጫት ተሸክመው ከየቀበሌው ይመጡና ጆንያ አንጥፈው በመደብ በመደብ ይደረድሩታል። ማለዳ ላይ ዋጋው ደህና ነው፤ ከሰዓት በኋላ አንዱ መደብ ሁለት ይሆናል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የቀረውን ወደ ተራራ መልሶ የሚሸከም የለም። ኮክ ደግሞ ትዕግሥት የለውም፤ ሰኞ ጥሬ፣ ረቡዕ ብስል፣ ቅዳሜ የዝንብ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት ስለ መረዳዳት የተተረተ ነው። እኔ ግን እዚህ ገበያ ላይ ቆሜ የማስበው ስለ ሎሚው ነው። ዛፍ ፍሬውን በአንድ ጊዜ ያወርዳል፤ ሃምሳ ሰው ግን በዚያው ሳምንት አይገኝም፤ ጎረቤቱም የራሱ ዛፍ ደርሶለታል። በአክስቴ ማጀት ውስጥ ሃምሳ ሰው የለም። ሃምሳ ሳምንት ግን አለ። ፍሬውን ለሳምንታቱ ማካፈል ከተቻለ ሸክሙ ይቀላል።

እዚህ ላይ ሁሌም የሚቆጨኝን ነገር ልናገር። የኢትዮጵያ እናቶች ባልትና ምግብ በማቆየት የተካነ ነው። ሥጋው ቋንጣ ይሆናል፣ እንጀራው ድርቆሽ፣ ቅቤው ይነጠራል፣ ሽምብራና ባቄላው ሽሮ ይሆናል፣ በርበሬው ደርቆ ይፈጫል፣ ሰናፍጩ ሲልጆ ውስጥ ይገባል። ይህ ሁሉ በመሠረቱ አንድ ሥራ ነው፤ ውሃውን አውጥቶ፣ ወይም ጨውና ኮምጣጣነት ጨምሮ፣ ለሚያበላሹት ረቂቅ ነፍሳት መኖሪያ ማሳጣት። ከዚህ ጥበብ ውጭ የቀረው ፍራፍሬ ብቻ ነው። የቀረውም ስለማይቻል አይመስለኝም። ደጋው ላይ ፍራፍሬ ለረጅም ጊዜ እንደ ማዕድ አልተቆጠረም። ሾላው፣ አጋሙ፣ ኮሽሙ፣ እንጆሪው፣ ቀጋው የእረኛና የልጅ፣ በክፉ ቀን ደግሞ የተራበ ሰው መሰንበቻ ነው። ሞሰብ ላይ ያልወጣ ነገር ማጀት ውስጥ የሚያቆየው አላገኘም።

ስሙን እንኳ ከውጭ ነው ያገኘነው። «ማርማላታ» ከጣሊያን አፍ የተወሰደ ቃል ነው፤ ጣሊያንኛውም ከፖርቱጋል የመጣ ሲሆን በዚያ ከአንድ ሌላ ፍሬ ስም የወጣ ነው። የኔ ትውልድ ማርማላታን የሚያውቀው ከአዋሽ ሸለቆ በሚመጣው የመርቲ ምርት ነው። ፋብሪካ የሚሠራው፣ ሱቅ የሚሸጠው፣ እንግዳ ሲመጣ የሚከፈት ነገር ነበር። እናቶቻችን ከዛፋቸው ሥር ቆመው ሊሠሩት እንደሚችሉ ማንም አልነገራቸውም።

*

ሆኖም እዚሁ ላሊበላ ውስጥ ለዓመት በቆየ ፍሬ ከጥንት ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚሠራበት ቤት አለ። ከየቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ የምትገኘው ቤተ ልሔም ናት። ለቅዳሴ የሚሆነው መሥዋዕት የሚዘጋጀው እዚያ ነው። ኅብስቱ ከስንዴ ይጋገራል፤ ወይኑ ግን በጠርሙስ ተገዝቶ የመጣ የወይን ጠጅ አይደለም። ዘቢብ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ይታሻል፣ ይጠለላል። ወይን በማይበቅልበት ተራራ ላይ፣ ወይን በማይደርስበት ወር፣ ያለ ማቋረጥ ለመቀደስ መላው የደረቀ ፍሬ ነበር። ዘቢብ ውሃው በፀሐይ የወጣ ወይን ነው፤ በውስጡ የቀረው ስኳር ስለ በዛ ሻጋታ በቀላሉ አያሸንፈውም። ድስታችን ውስጥ ኮኩ ላይ የምናደርገውም ይኸንኑ ነው፤ ልዩነቱ በፀሐይ ፋንታ ከሰል መጠቀማችንና ስኳር መጨመራችን ነው።

ከተማዋ በስሙ የምትጠራበት ንጉሥ ታሪክም ወደዚሁ ይመልሰኛል። ላሊበላ ሲወለድ ንብ ከበበው፣ እናቱም «ላሊበላ» አለችው፤ ንቦች ንግሥናውን ዐወቁ ማለት ነው ይባላል። ንብ የአበባውን ውሃማ ፈሳሽ በክንፏ እያራገበች፣ ውሃው ከመቶ 20 በታች እስኪወርድ አድርቃ በሰም ትዘጋዋለች። ማር ዓመታትን የሚቆየው በዚህ ነው። ማትከንና መክደን፣ የማርማላታ ሥራ ከነ ክዳኑ ይኸው ነው፤ ንቧ ከማናችንም በፊት ሠርታዋለች። አክስቴ ይህን ስነግራት፣ «እሷ ቴርሞሜትር የላትም» አለችኝ።

*

ላስታ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ከቆላ እስከ ውርጭ የሚያስወጣ አገር ነው። ወደ ተከዜ በሚወርዱት ሸለቆዎች ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ዘይቱንና ፓፓያ ውሃ ካገኙ ይበቅላሉ። ወደ ላይ ሲወጣ ኮክ፣ ፕሪምና ፖም ተራቸውን ይይዛሉ። ከወልድያ በታች በሐብሩና በመርሳ በኩል ማንጎውና ብርቱካኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በጋሸና በኩል ዞሮ ላሊበላ እስኪደርስ ፍሬው ይላጋል፣ ዋጋውም ይወጣል። ስለዚህ የጓሮ ዛፍ እዚህ ቅንጦት አይደለም።

ለልጆች ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና በ2022 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ያለመው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ሥራውን የጀመረው በዚሁ በተከዜ ተፋሰስ ነው። ስሙን ያገኘባት ሰቆጣ የላስታ ጎረቤት ናት። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ እህል ብቻ የበላ ልጅ ጠግቦም ይቀነጭራል፤ እንቁላል፣ ወተት፣ አትክልትና ፍራፍሬ ያስፈልገዋል። ጓሮ ውስጥ ያለ አንድ የፓፓያ ወይም የኮክ ዛፍ ያለ ገበያና ያለ መኪና ለልጅ ይደርሳል።

ፖምን ለብቻው ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ችግኙን ተክሎ ለምን ፍሬ እንዳልሰጠው ሳይገባው ነቅሎታል። የፖም ነገር በአገራችን የተለመደው በጋሞ ደጋ ጨንቻ ላይ ነው፤ እዚያ ያስገቡት ሚስዮናውያን ናቸው፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ.። ከዚያ ወዲህ በአማራ ክልል ደጋማ ወረዳዎችም ችግኙ ሲሠራጭ ቆይቷል። ፖም የቀዝቃዛ አገር ዛፍ ነው። በክረምቱ ከ7 ዲግሪ በታች የሆኑ ብዙ ሰዓታትን ተኝቶ ካላሳለፈ በትክክል አያብብም፤ የአውሮፓ ዝርያዎች አንድ ሺህ ሰዓት ያህል የሚጠይቁ አሉ። እኛ ዘንድ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቀኑ ግን ይሞቃል፤ ያን ያህል ሰዓት አይሞላም። መፍትሔ የሆኑት ብዙ ቅዝቃዜ የማይፈልጉ ሁለት ዝርያዎች ናቸው። «አና» የሚባለው በእስራኤል ኤይን ሼመር በተባለ ኪቡዝ የተገኘ ነው፤ «ዶርሴት ጎልደን» ደግሞ ከባሃማስ ደሴት ነው። ሁለቱም የሞቃት አገር ልጆች ስለሆኑ ከ300 ሰዓት ያነሰ ብርድ ይበቃቸዋል።

ግን አናን ብቻውን የተከለ ሰው ከፍሬ ይልቅ ቅጠል ያያል። አና በራሱ ብናኝ በደንብ አያፈራም፤ በዚያው ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዝርያ፣ ለምሳሌ ዶርሴት ጎልደን፣ አጠገቡ መኖር አለበት። ብናኙን ከአንዱ ወደ ሌላው የምታደርሰው ደግሞ ንብ ናት። አንድ ችግኝ ብቻ መግዛት የሚችሉ ሁለት ጎረቤቶች ቢመካከሩ፣ አንዱ አና ሌላው ዶርሴት ቢተክሉ፣ ንቧ አጥር አያግዳትም። ችግኝ የሚያድል ሰው ሁሉ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር አብሮ ቢያድል እንዴት በወደድኩ!

የላስታ ጓሮ ጠላት ውርጭ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ ሌሊት እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ ሸለቆው ግርጌ ይተኛና አበባውን ያቃጥላል። ዳገቱ ወገብ ላይ ያለው ዛፍ ሲተርፍ ግርጌ ያለው የሚመታው ለዚህ ነው። የላስታ ክብ የድንጋይ ቤትና የድንጋይ ካብ ደግሞ ሳይታሰብ የዛፍ ጠባቂ ናቸው፤ ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሰዋል። አክስቴ የተከለችው ኮክ ከካቡ ሁለት ክንድ ርቆ ነው የቆመው፤ ግንዱ ሥር ሣር ጎዝጉዛ፣ የእጣቢውን ውሃ ታጠጣዋለች። የወደቀ ፍሬ መሬት ላይ አታሳድርም፤ የፍራፍሬ ዝንብ ትሉ ከዚያ ወጥቶ አፈር ገብቶ፣ ለሚቀጥለው ፍሬ ዝንብ ሆኖ ይነሣልና። ቶሎ ለቅማ ወይ ለበጎቹ ትሰጠዋለች፣ ወይ አጥልቃ ትቀብረዋለች።

ይህ ዛፍ ከየት መጣ? ከዚያ ካበላሸሁት ድስት ነው። ያን ቀን ካወጣነው ዘር የተወሰነውን እሷ ካቡ ሥር ቀብራው ኖሯል። ኮክ እንደ ፖም አይደለም፤ ከዘር ተተክሎም ደህና ፍሬ ይሰጣል፣ ለዚያውም በሦስትና በአራት ዓመት።

*

ዘንድሮ የሠራነውን ልንገራችሁ። ስድስት ኪሎ ኮክ ገዛን፤ ከአክስቴ ዛፍ ደግሞ ሰባት ፍሬ፣ የመጀመሪያው ምርቷ። ኮክ የሚያረጋውን ነገር፣ ማለትም ፔክቲን የሚባለውን ተፈጥሯዊ ማጣበቂያ፣ በብዛት አልያዘም። ፖም፣ ዘይቱንና የሎሚ ልጣጭ ግን ሞልቷቸዋል። ስለዚህ ሁለት ጥሬ ፖም ከነ ልጣጩ ከትፈን፣ የሎሚ ፍሬና ልጣጭ በነጠላ ቁራጭ ቋጥረን አብረን ቀቀልነው፤ ቋጠሮው በኋላ ይወጣል። ለአንድ ኪሎ ፍሬ ሦስት ሩብ ኪሎ ስኳር። ይህ ብዙ ይመስላል፣ ግን ስኳሩ ለጣዕም ብቻ አይደለም የገባው፤ ውሃውን አስሮ የሚይዘው እሱ ነው። ስኳር በቀላሉ በማይገኝበት ወር ሥራው ያን ያህል ይከብዳል፤ ይህን መካድ አልችልም።

ጠርሙስ ሌላው ጭንቅ ነው። ላሊበላ ውስጥ ጠርሙሱ ውስጡ ካለው ፍሬ ይወደዳል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ዓመቱን ሙሉ የማር፣ የቡና፣ የማዮኔዝ ጠርሙስ ታጠራቅምልናለች፤ ለቆራሌው እንዳይሸጥ ከልክላ። ጠርሙሱ ደጋግሞ ያገለግላል፤ የሚያልቀው ክዳኑ ነው። ከውስጡ ያለው ለስላሳ ቀለበት ከተሰነጠቀ ወይም ከዛገ አየር ያስገባል፣ ልፋቱ ሁሉ በከንቱ ይቀራል።

ጠርሙሱን በፍል ውሃ አፍልተን፣ ማርማላታውን እንደ ጋለ እስከ አፉ ጫፍ ጣት ሲቀር ሞልተን፣ አፉን በንጹሕ ጨርቅ ጠርገን ከደንነው። ከዚያ ትልቅ ድስት ግርጌ ጨርቅ አንጥፈን ጠርሙሶቹን አቆምንና ውሃው ከክዳናቸው በላይ ሸፍኗቸው እንደገና አፈላነው። እዚህም የከፍታው ሕግ ይመጣል። በባሕር ዳርቻ ለማርማላታ 5 ደቂቃ ይበቃል፤ ከ1,830 ሜትር በላይ 15 ደቂቃ ያስፈልጋል። ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ኮክ በሽሮፕ ለሁለት ተከፍሎ፣ ፈልቶ ከገባ ደግሞ በባሕር ዳርቻ 20 የሚፈጀው እኛ ዘንድ 35 ደቂቃ ነው። 92 ዲግሪው በጊዜ ይካሳል።

ይህን ዘዴ ለዓለም ያስተማረው ኒኮላ አፔር የተባለ ፈረንሳዊ ጣፋጭ ሠሪ ነው። በ1810 እ.ኤ.አ. አሠራሩን በመጽሐፍ አሳትሞ ከመንግሥቱ 12,000 ፍራንክ ተሸለመ። ለምን እንደሚሠራ ግን እሱም አላወቀም፤ ፓስተር ስለ ረቂቅ ነፍሳት እስኪያስረዳ ሃምሳ ዓመት ያህል አለፈ። አክስቴም ስለ ሽምብራው ያወቀችው እንደዚሁ ነው፣ ምክንያቱ ሳይነገራት።

አንድ ነገር ላይ ግን ግምት አይሠራም፣ ይህን የማነሣው በፍርሃት ነው። በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ አየር የለም፤ አየር በሌለበት የሚራባ፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ በሽታ የሚያመጣ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ አለ። ዘሩን ፍል ውሃ አይገድለውም፣ ላሊበላ ላይ ጭራሽ። የሚያስቆመው ኮምጣጣነት ነው። ኮክ፣ ፕሪም፣ ፖም፣ ሎሚ በተፈጥሯቸው ይኮመጥጣሉና አያሰጉም። ፓፓያ ግን ጣፋጭ እንጂ ኮምጣጣ አይደለም፤ እሾሃማው በለስም እንዲሁ። እነዚህ ያለ በቂ ሎሚ ጠርሙስ ውስጥ መግባት የለባቸውም። ቲማቲምም ከድንበሩ ላይ ስለሆነ ለግማሽ ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጨመርበታል። ፎሶሊያ፣ ጎመንና ሥጋን በዚህ መንገድ ማሸግ ፈጽሞ አይገባም።

ከገዛነው ሌላ የተሰበሰበም አለ። የጎረቤት ልጆች ከገደሉ ጥግ አንድ ጣሳ ቀጋ ለቅመው አመጡልን። ቀጋ የጽጌረዳ ዘመድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብርቱካን ከባሕር ማዶ መምጣቱ በቆመ ጊዜ እንግሊዞች ልጆቻቸውን አሰማርተው የዚህኑ ተክል ዘመድ ፍሬ ለቀሙ፤ ሽሮፕ ተሠርቶ ለሕፃናት የቫይታሚን ሲ ምንጭ ሆነ። እኛም ቀቅለን፣ በጨርቅ ሁለት ጊዜ አጥልለን፣ በስኳር አፈላነው። ማጥለሉ ግዴታ ነው፤ ዘሩ ላይ ያለው ጸጉር ጉሮሮ ይበላል።

*

ከሰዓት በኋላ ከተማው ጸጥ ብሎ ነበር። ከኮሮና ወዲህ ላሊበላ ጸጥታን ለምዳለች። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ሲደርስ መብራቱ ጠፋ፣ ለወራትም አልተመለሰም፤ ከዚያ በኋላም በክልሉ የቀጠለው ግጭት እንግዳውን አራቀው። በዚያ በጨለማው ወቅት ማቀዝቀዣ ያለው ሁሉ ማቀዝቀዣው ቁም ሳጥን ሆነበት። አክስቴ ያኔ ጠርሙስ አታውቅም ነበር። «ብናውቅ ኖሮ» አለችኝ ዘንድሮ፣ ክዳኖቹን በጨርቅ እየወለወለች፤ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

ሰላም ሲሆንና ሆቴሎቹ ሲሞሉ ቁርስ ላይ የሚቀርበው ማርማላታ ከሩቅ የመጣ መሆኑ ያናድደኛል። ለአንድ ሰው የምትበቃ ያቺ ትንሽ እሽግ ከባሕር ማዶ ወደ ላሊበላ ስትወጣ፣ ከመስኮቱ ማዶ ያለው ኮክ መሬት ላይ ይበሰብሳል። ሥራው ንጽሕና፣ ጠርሙስና ትክክለኛ ቁጥር ይፈልጋል፤ በማኅበር የተደራጁ ሴቶች የማይችሉት አይደለም።

ጠርሙሶቹን ከድስቱ አውጥተን መደቡ ላይ ጨርቅ አንጥፈን ደረደርናቸው። ስምንት ናቸው። ሲቀዘቅዝ ውስጥ ያለው አየር እየተኮማተረ ክዳኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ያን ጊዜ «ጧ» ይላል። አክስቴ ይህን ድምፅ ትወደዋለች። ቡና እያፈላች ጆሮዋን ጥላ ትቆጥራለች፦ አንድ፣ ሁለት... ሁለተኛው ቡና ሲፈስ አምስት ደርሰን ነበር። በረካው ላይ ሰባት ሆኑ። ስምንተኛው ግን ዝም አለ። በጣቴ ክዳኑን ስጫነው ይወርዳል፣ ስለቀው ይመለሳል፤ አልታሸገም።

«ይኸ ለዛሬ ነው» አለች። ቀጋ የለቀሙት ልጆች ተጠሩ። አርብ ነበር፣ ጾም ነው፤ ዳቦው ላይ ወፍራም አድርጋ ቀባችላቸው። ትንሹ ልጅ ዳቦውን ትቶ ማርማላታውን ብቻ ላሰና ሳህኑን መልሶ ዘረጋ። ሳይመሽ ጠርሙሱ ተሟጠጠ። አክስቴ አጥባ፣ ክዳኑን ለይታ ጣለችው፣ ጠርሙሱን አፉን ደፍታ መደርደሪያው ላይ አኖረችው። ከዚያ ከራሷ ዛፍ ያወጣቻቸውን ሰባት ዘሮች በመሐረቧ ጫፍ ቋጥራ ወደ ካቡ ወጣች።